ነጭ ሽንኩርት፣ የጉበት ስብና የሱብሒ ሰፍ

(በሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ ንግግር)



በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ከየቤታችን ጓዳ ስለማይጠፋ ነገር ነው፤ ስለ ነጭ ሽንኩርት። ርዕሱን የሰጡን የራሳችን ጀማዓ አባል የሆኑ አንድ አባት ናቸው። እሳቸው ግን እንደሰጡን አያውቁም።

እዚህ ግንደወይን እኒህ አባት ሱብሒ የማያመልጣቸው ሰው ነበሩ። የክረምቱ ጭቃም ሆነ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አያስቀራቸውም፤ ብዙ ጊዜም ከእኛ ቀድመው መስጊድ ይገኙ ነበር። በአንድ ወቅት ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሱብሒ ሰፍ ጠፉ። ዙህር ላይ ይመጣሉ፣ ዒሻም ይመጣሉ፤ ሱብሒ ላይ ቦታቸው ባዶ ነው። ነገሩ ቢያሳስበን ቤታቸው ሄደን ጠየቅናቸው።

«አባባ፣ ምነው ሱብሒ ላይ ጠፉብን? አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ሸኻችን፣ አልሐምዱሊላህ። ጉበትህ ላይ ስብ አለ ብለውኝ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ነጭ ሽንኩርት እየወሰድኩ ነው። ሁለት ራስ እወቅጥና በማር። እንዲህ ሸትቼ እንዴት መስጊድ እገባለሁ? ሐዲሱን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»

እውነታቸውን ነው፤ ያስተማርናቸው እኛው ነን። ወዲያው የምንመልሰው ጠፋን። ጨዋታውን ለማስቀጠል ያህል ስለ ስኳር በሽታቸው መድኃኒት ጠየቅናቸው፤ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን እናውቅ ነበርና። «እሱንማ ተውኩት፤ ነጭ ሽንኩርቱ ለሁሉም ይበቃል አሉኝ» አሉ። ነገሩ የሽታ ብቻ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባን።

«ማን ነው ያለዎት?» ስንላቸው ልጃቸው በስልክ የደረሰውን መልእክት አነበበልን። ነጭ ሽንኩርት ለሰባ በሽታ መድኃኒት እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግረዋል ይላል፤ ጉበትን በአርባ ቀን ያጥባል የሚልም ተጨምሮበታል። ወገኖቻችን፣ ይህን ለይተን ማወቅ አለብን። ስለ ጥቁር አዝሙድ የመጣው ሐዲስ በቡኻሪ የተዘገበ ትክክለኛ ሐዲስ ነው። ማር ፈውስ እንዳለበት ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ነሕል ነግሮናል። ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ሰባ በሽታ የሚነገረው ግን በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ያለው ንግግር አይደለም። ረሱል ያላሉትን አሉ ማለት ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው ክኒናቸውን የጣሉት በሐኪም ቃል ሳይሆን በሐዲስ ስም በተነገራቸው ነገር መሆኑን ስንሰማ ደግሞ ይበልጥ አዘንን።

እስኪ መጀመሪያ የጉበት ስብ የሚባለው ምን እንደሆነ እንመልከት። ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ያለ፣ በአዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን የአካል ክፍል ነው። ሥራው ብዙ ነው፤ ከሥራዎቹ አንዱ ግን እንደ ጎተራ ማገልገል ነው። ከምንበላው ውስጥ ለዕለቱ የሚበቃው ወጪ ሲሆን የተረፈው እዚያ ይቀመጣል። ትርፉ በየቀኑ ሲመጣና ወጪው ሲያንስ ጉበት ስኳሩንና እህሉን ወደ ስብ እየለወጠ በራሱ ውስጥ ማከማቸት ይጀምራል። ስቡ ከጉበቱ ከመቶ አምስት እጅ ሲያልፍ ሐኪሞች የጉበት ስብ ብለው ይጠሩታል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኔ ጮማ አልበላም፣ ቅቤም ትቻለሁ፤ ከየት የመጣ ስብ ነው?» ይላል። ስቡ የሚመጣው ከጮማ ብቻ አይደለም። በየሰዓቱ ከሚጠጣው አራት ማንኪያ ስኳር ከተጨመረበት ሻይ፣ ከለስላሳው፣ ከነጭ ዳቦው፣ ከመጠን ካለፈው እንጀራም ይመጣል። አንዱ ትንሽ የለስላሳ ጠርሙስ ብቻውን ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር አለበት።

ሌላም ጥያቄ አለ። «እኛ ሙስሊሞች ኸምር አንጠጣ፣ ጉበታችን በምን ይታመማል?» የሚሉን ብዙዎች ናቸው። በሽታው ራሱ ለረጅም ጊዜ ይጠራ የነበረው ከመጠጥ ያልመጣ የጉበት ስብ በሚል ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው ስሙን ሲለውጡ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊት፣ ከውፍረትና ከመሳሰሉት ጋር አያያዙት። ዛሬ በዓለም ላይ ከሦስት አዋቂ ሰዎች አንዱ ገደማ ይህ ነገር እንዳለበት ይገመታል። ከኸምር በመራቃችን አላህን እናመሰግናለን፤ ከዚህኛው ግን ያ ብቻ አያድነንም።

አባቶቻችንን እናስብ። በዚህ በጎጃም ምድር ያለፉት ሙስሊሞች አብዛኞቹ ርስት ያልነበራቸው፣ በሽመናና በንግድ የሚተዳደሩ ነበሩ። ነጋዴው በቅሎውን እየነዳ ከገበያ ገበያ በእግሩ ነበር የሚዞረው። እኛ ልጆቻቸው ንግዱን ወረስን፤ እግሩን ግን ትተነዋል። ጠዋት ሱቅ ከፍተን እንቀመጣለን፣ ማታ ዘግተን በባጃጅ ቤት እንገባለን። ሆዳችን ከቀበቶው በላይ ሲወጣም «አላህ ሰጠው» ይባልልናል።

በሽታው አያምም። ክፋቱም ይኸው ነው። የብዙዎቹ ስብ እዚያው እንዳለ ይኖራል። የአንዳንዶቹ ጉበት ግን ይቆጣል፤ መቆጣቱ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ከዓመት ዓመት ሲደራረብ ጉበቱ ይጠጥራል፤ ይህንን ሲሮሲስ ይሉታል። ከዚያም አልፎ ወደ ካንሰር የሚደርስ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ለሌላ ነገር ሄዶ አልትራሳውንድ ሲነሳ ነው፤ እኒያ አባትም እንዲሁ ነው ያወቁት።

አሁን ወደ ነጭ ሽንኩርቱ እንመለስ። እኒያን አባት ዝም ብለን «ተሳስተዋል» ልንላቸው አልወደድንም። ስለዚህ ምን ተጠንቶ እንደሆነ ጠየቅን፣ አነበብን። ያገኘነውም ሙሉ በሙሉ የሚያስንቅ አይደለም።

ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ሲቀር ያን ያህል አይሸትም። ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ግን ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ አንደኛው አሊን የሚባል ንጥረ ነገር፣ ሁለተኛው እሱን የሚለውጥ ኢንዛይም ነው። ከሁለቱ አሊሲን የሚባለው ይወለዳል። ይህ አሊሲን እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ ኬሚስቶች ተለይቶ የታወቀ ሲሆን ያ ኃይለኛ ሽታና መፋጀት ከእሱ የሚመጣ ነው። ኢንዛይሙ እሳት አይችልም። ነጭ ሽንኩርቱ ሳይወቀጥ ከነፍሬው ወጥ ውስጥ ከገባ አሊሲን ሳይወለድ ይቀራል። ከተወቀጠ በኋላ አስር ደቂቃ ያህል ቆይቶ እሳት ካገኘው ግን ከጥቅሙ የተወሰነው ይተርፋል። እናቶቻችን በሙቀጫ ወቅጠው ሌላውን እያሰናዱ ያቆዩት የነበረው ለዚህ ብለው አልነበረም፤ ግን ደህና ያደርጉ ነበር።

ጥናቶቹ በብዛት የመጡት ከኢራንና ከቻይና ነው። በኢራን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ አንድ ጥናት፣ የጉበት ስብ ያለባቸው ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለአንዱ ወገን የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ክኒን፣ ለሌላው መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ምንም የሌለበት ክኒን አስራ አምስት ሳምንት ተሰጣቸው። የነጭ ሽንኩርቱን ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ (ከመቶ 51) የጉበታቸው ስብ ቀንሶ ታየ። ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 16 ያህሉ ቀነሰላቸው። እዚያው ኢራን በያዝድ ከተማ በተደረገ ሌላ ጥናት በቀን 1600 ሚሊግራም ዱቄት አስራ ሁለት ሳምንት ተሰጥቶ ወደዚሁ የተጠጋ ውጤት ተገኝቷል። በቻይና ቲያንጂን ከተማ ደግሞ ከ24 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አመጋገብ ተጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አዘውትረው የሚበሉ ወንዶች ላይ የጉበት ስብ አነስ ብሎ መገኘቱን ይናገራል። በሴቶቹ ላይ ግን ይህ አልታየም።

እንግዲህ ይህን ሰምቶ ወደ ሙቀጫው የሚሮጥ ይኖራል። ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ መጠኑን እንይ። 1600 ሚሊግራም ዱቄት ማለት ውሃው ሲመለስበት አራት አምስት ግራም ቢሆን ነው። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ማለት ነው። ሁለት ራስ አይደለም! የእኒያ አባት መጠን ከተጠናው አስር እጥፍ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የኢራኖቹ ጥናቶች እያንዳንዳቸው መቶ ገደማ ሰው ላይ፣ ለሦስት አራት ወር የተደረጉ ናቸው። ስቡ ቀነሰ ማለት በሽታው ዳነ ማለት አይደለም፤ ጠባሳው ይጠፋል የሚል ከጥናቶቹ አንዱም አልተናገረም። ከዚህም ሌላ ነጭ ሽንኩርቱን የወሰዱት ሰዎች ክብደትም ቀንሶ ነበር። ታዲያ ስቡን ያወረደው ነጭ ሽንኩርቱ ነው ወይስ የክብደቱ መቀነስ? እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ጥያቄው ግን ሐኪም መሆን የሚጠይቅ አይመስለንም። የቻይናውም ቢሆን ነጭ ሽንኩርት የሚበሉትና የማይበሉት ሌላው ኑሯቸውም የተለያየ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛና ዋናው ነገር፣ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የስኳርን መድኃኒት ተክቶ የቆመበት ቦታ የለም።

«ዕፅ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው አነጋገር በጣም ያስፈራናል። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ ሆድ እየነፋ ሰው የሚገድል የጉበት በሽታ ተነስቶ ብዙ ቤተሰብ አጥፍቷል። ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ ቆይቶ በኋላ ሲመረመር ከእህሉ ጋር የሚበቅል አረም ዘሩ ከእህሉ ተቀላቅሎ ሕዝቡ ሳያውቅ ይበላው እንደነበር ተደረሰበት። ዕፅ ነበር። ነጭ ሽንኩርት እንደዚያ መርዝ አይደለም፤ አላህ ካበላን መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ነገር ግን ጥሬው በባዶ ሆድ ሲበዛ ጨጓራ ያቃጥላል፤ ደም ስለሚያቀጥን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስድ ሰውና ቀዶ ጥገና የተቀጠረ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አብዝቶ ሊወስደው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ደግሞ የነጭ ሽንኩርት ክኒን ሳኩዊናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ እንዳሳነሰው ታይቷል። ወቅጠው በሕፃን ገላ ላይ የሚያስሩም አሉ፤ ቆዳ እንደ እሳት ይልጣል፤ እባካችሁ ይህን ተዉ።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። በእኛ አገር «ጉበት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የወፍ በሽታን ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ያ ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ የሔፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ይገኝበታል። ይህ በደም ምርመራ የሚታወቅ፣ የሚቆጣጠሩት መድኃኒቶች ያሉት፣ ለሕፃናትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ የገባ በሽታ ነው። ለእሱ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የወፍ መድኃኒት የሚባለው ሥር እየጠጡ መቆየት ጊዜን ማቃጠል ነው። ሰው ጉበቱን ሲያመው የትኛው እንደሆነ ሳይመረመር እንዴት ያውቃል?

ጫቱንም ሳናነሳ ብናልፍ አድማጮቻችን ይታዘቡናል። በሐረር ባሉ ሁለት ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ፣ ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ ተይዘው የመገኘት ዕድላቸው ከማይቅሙት ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ቅጠሉን ከሰዓት በኋላ እየቃሙ፣ በለስላሳ እያወራረዱ፣ ጠዋት በነጭ ሽንኩርት ጉበት አጥባለሁ ማለት አይገባንም። በአንጻሩ ቡና ለጉበት ደግ ሆኖ ነው የተገኘው፤ በቀን ሁለት ሦስት ስኒ የሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ እንደሚታይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይናገራሉ። ያለ ስኳር ከሆነ ነው ታዲያ። የዚክር ሌሊት ቡና ያፈሉ የነበሩ አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

አሁን ወደ ሐዲሱ እንምጣ። ነጭ ሽንኩርት ወይም ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጊዳችን ይራቅ የሚለው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ምክንያቱም አብሮ ተነግሯል፤ ሰዎችን የሚያስቸግር መላእክትንም ያስቸግራል። ይህ ማለት ነጭ ሽንኩርት ሐራም ነው ማለት አይደለም። አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ለነቢዩ የላኩት ምግብ ነጭ ሽንኩርት ስለነበረበት ሳይበላ ሲመለስላቸው ደንግጠው «ሐራም ነውን?» ብለው ጠይቀዋል፤ መልሱም አይደለም፣ ሽታውን ስለምጠላው ነው የሚል ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ የሚበላው ሰው አብስሎ ሽታውን ይግደለው ብለዋል። በአቡ ዳውድ የተዘገበ አንድ ሐዲስ አለ፤ ለእኒያ አባት ይህኛውን ነበር ማስተማር የነበረብን። ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ.) ነጭ ሽንኩርት በልተው ለሶላት መጡ። ነቢዩ ሽታውን አስተዋሉ። ሙጊራም የነቢዩን እጅ ይዘው በልብሳቸው ውስጥ ወደ ደረታቸው አስገቡት፤ ደረታቸው በጨርቅ ታስሮ ነበር። ነቢዩም ዑዝር እንዳላቸው ነገሯቸው።

የታመመ ሰው ዑዝር አለው ማለት ነው። ነገር ግን ሌላ አማራጭ እያለ በየቀኑ ራስን ከጀማዓ ማስቀረት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዒሻ በኋላ በምግብ ውስጥ መብላት ይቻላል። አብስሎ መብላት ይቻላል። ነጭ ሽንኩርት በጥርስ ብቻ ሳይሆን ከሳንባ በትንፋሽ ስለሚወጣ ጥርስ መቦረሽ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ጥሬ የበላ ሰው ሽታው ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል።

ለእኒያ አባት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልነገርናቸውም። መጀመሪያ የነገርናቸው አንድ ነገር ነው፤ የስኳር መድኃኒታቸውን ለምን እንዳቆሙ ለሐኪሙ ራሳቸው እንዲነግሩት። አብረናቸው ሄድን። ስኳራቸው በጣም ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ አላህ ይስጠውና። መድኃኒቱን መልሰው ጀመሩ። ስለ ጉበቱም የነገራቸው አጭር ነበር፤ ከክብደታቸው ከመቶ አምስት እጅ ቢቀንሱ ስቡ መውረድ ይጀምራል፣ ከሰባት እስከ አስር እጅ ቢቀንሱ ደግሞ የጉበቱ መቆጣት ሳይቀር ሊሻለው ይችላል። ሰማንያ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከአራት እስከ ስምንት ኪሎ ማለት ነው። ቀስ ተብሎ፣ በወራት። ነጭ ሽንኩርቱን በወጥ ውስጥ ቢበሉት እንደሚደሰት፣ ጥሬ ሁለት ራሱን ግን እንዲተዉት ነገራቸው።

ቤት ስንመለስ ባለቤታቸው እትዬ፣ «እኔማ ከጅምሩም በወጡ ይበቃሃል ብዬው ነበር፤ ማን ይስማኝ!» አሉን። ለሆድ ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ የሚለውን የነቢዩን ምክር ያስታወሱንም እሳቸው ናቸው። በመጣው ረመዷን በዚያ ቤት ኢፍጣር ላይ በዘይት የሚጠበሰው ሳምቡሳ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆነ፤ ሌላው ቀን በሦስት ተምርና በሾርባ ተያዘ። ሻዩም ከአራት ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ ወረደ። አባባ በዚህኛው ነው አጥብቀው ያማረሩት።

ዛሬ ሱብሒ ላይ ቦታቸው ናቸው። ሱቃቸው ከመስጊዱ ራቅ ስለሚል ከሶላት በኋላ ባጃጅ ሳይዙ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ቀን እኛም አብረን እንሄዳለን። እስካሁን አራት ኪሎ ቀንሰዋል። አልትራሳውንዱ የሚደገመው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ውጤቱን ራሳቸው ፈቅደው ከነገሩን፣ ኢንሻአላህ፣ በሌላ ዝግጅት እናሰማችኋለን።